ዘጠኝ ካሬ የጎደለው አፓርታማ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ በልብስ ስፌት ሱቅዎ በር ሥር ገብታ እስክታገኝዎ ድረስ ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎ የማይደክም፣ ደንበኛዎም የማይጎድል ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የድሮው ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት የቀዶ ጥገና መሣሪያ እናጥባለን፣ በእንፋሎት እንቀቅላለን፣ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከርን በሣጥን እናሽጋለን። አንድ መቆንጠጫ ከጎደለ ላይ ፎቅ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ይቆማል፣ ታች ደግሞ የኛ ፊት ይገረጣል።

ምነው ስልክ አልደወለች፣ ምነውስ በቤቱ አድራሻ አልላከች ብለው ሳይገረሙ አይቀሩም። እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው። የቤቱ ስልክ ከእጇ አይወጣም። እርስዎም በስልክ ቁጥር ሲነገርዎ ስድስቱን ሰባት አድርገው እንደሚሰሙ ባለፈው ጊዜ አይተናል፤ ይህ ደግሞ የቁጥር ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በዘጠኙ ዓመት ልብሱንም፣ ሽርሽሩንም፣ ወደ አገር ቤት የመምጫውን ትኬትም እየተውኩ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ለእማዬ ቤት ልገዛላት ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እህቴ ብለው በቤትዎ አኑረዋታል፣ ይህን ውለታ አፌ ተናግሮ አይጨርሰውም። ግን ጉልበቷን ያውቁታል። መጸዳጃው ከግቢው ጫፍ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። ባለፈው ክረምት ወድቃ ሦስት ሳምንት መተኛቷን እኔ የሰማሁት ከተነሣች በኋላ ነው። ያን ቀን ነው የቆረጥኩት።

አንድ ደላላ የላከልኝ አፓርታማ አለ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር ያለው፣ ሁለት መኝታ፣ ዘጠና ሁለት ካሬ ሜትር። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው፣ በጥር መጨረሻ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ይሄዳሉ። የጠየቁት ስድስት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ነው። ፎቶውን አየሁት፤ ፎቶ ላይ ሁሉም ቤት ሰፊ ነው።

አጎቴ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔን የማያውቁ መስለው ሄደው ይዩት። ዋጋው የእውነት ዋጋ ነው፣ ወይስ ውጭ አገር ላለ ሰው የተጠራ? እርስዎ ጨርቅ በሁለት ጣት ነክተው ዋጋውን የሚናገሩ ሰው ነዎት። በእርስዎ ቃል እገዛለሁ፣ በእርስዎ ቃል እተወዋለሁ።

ፈጣሪ ያቆይልኝ። እማዬን ይሳሙልኝ፣ ግን ምክንያቱን አይንገሯት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 27

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለሚጢጢ፣

(የአርባ ዓመት ሴት ሚጢጢ አትባልም ብለሽ ባለፈው ተቆጥተሽኛል። አርባ ሲሞላሽ እኔ አላየሁም፣ ስለዚህ አይቆጠርም።)

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ፈጣሪ ከብርድና ከክፉ አለቃ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ እናትሽ፣ እትዬም ደህና ናት። እንደ ልማዷ ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጥታ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራልኛለች፤ የኔ ዓይን ለዚያ ሥራ ካልሆነ ቆይቷል።

ያልሽኝን አደረግሁ። ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ በሁለት አውቶቡስ ሄድኩ። ደላላው ጭቃ ለጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው፣ ስሙን ቢነግረኝም ነጭ ጫማ ነው የምለው። የምድራት ልጅ አለችኝ ብዬ ዋሸሁት። ልጅም የለኝ፣ ሠርግም የለኝ፤ በስድሳ ሰባት ዓመቴ ላንቺ ስል ውሸት ጀመርኩ። እሱም ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «የመጨረሻ ዋጋ ስድስት ሚሊዮን ተኩል» አለኝ። ላንቺ ስድስት ከአራት መቶ፣ ለኔ ስድስት ከአምስት መቶ! ውጭ አገር ያለሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ገና ደረጃውን ሳልወጣ ግራ ተጋባሁ።

ቤቱን አየሁት። አሳንሰሩ ይሠራል፣ በሩ ሲዘጋ ግን ያቃስታል። ሳሎኑ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። መምህርቷ መጽሐፋቸውን በካርቶን እያሰሩ ነበር፣ ብዙም አላናገሩኝም። እኔም ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ለካሁ። ሳሎኑን፣ ሁለቱን መኝታ፣ ማድ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ መተላለፊያውን፣ በረንዳውን ሳይቀር። ሱቅ ተመልሼ ደመርኩት፤ ሰማንያ ሦስት መጣ። ደግሜ ደመርኩት፤ ሰማንያ ሦስት። ዘጠና ሁለት ነው ያሉት ቤት ዘጠኝ ካሬ ይጎድለዋል!

ከዚያ ዋጋ ጠየቅሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ «ከአራት ሚሊዮን አያልፍም» አለ። የሕንፃው ዘበኛ «ሰባት ብትል የሚናጠቁህ አሉ» አለኝ። ሱሪ የምሰፋለት ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ይኼ እንኳ ያውቃል ብዬ ብጠይቀው «ዋጋ ማለት ገዢ የከፈለው ነው» ብሎኝ ሻዩን ጠጣ። ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት የተቀመጠው ይህን ለማለት ነው?

ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በጣቴ አሸት አድርጌ እነግርሽ ነበር። ግድግዳውንም አሸት አደረግሁት፤ እጄ ላይ የቀረው ኖራ ብቻ ነው። ነገሩ መያዣ መጨበጫ አጣሁለት። ብቻ ውድ ይመስለኛል። ጎዶሎ ቤት ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ይቅርብሽ።

አጎትሽ

ኅዳር 18

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያለፈው ደብዳቤዎ አሥራ ስድስት ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ፤ በመዘግየቱ ፖስታ ቤቱን ይቅር ይበሉልኝ። እግርዎ ከሁለት አውቶቡስ ድካም እንዳረፈ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዘጠኝ ካሬ የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። አንዱ ካሬ ወደ ሰባ ሺህ ይጠጋል፤ ዘጠኙን ሲያባዙት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ነው። ይህ የእኔ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልፋት ነው። ለደላላው ወዲያው በስልክ መልእክት ጻፍኩለት፤ የላክሁት ሰው ለክቶታል፣ ሰማንያ ሦስት ነው፣ ምን ልትሉኝ ነው አልኩት። በነጋታው መለሰልኝ። ስለ ካሬው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ግን «የመጨረሻ ዋጋ ስድስት ሚሊዮን ከአንድ መቶ ሺህ» አለኝ። የዚህ ሰው መጨረሻ ስንት እንደሆነ እንጃ።

አሁን ደግሞ ይብስ ግራ ገባኝ። በአንድ መልእክት ሦስት መቶ ሺህ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሊያታልሉኝ ነበር ማለት ነው? ወይስ ዋጋው ልክ ሆኖ ሳለ ፈርቼ እንዳልተወው ብቻ ነው የቀነሱልኝ? ውድ ሲሆን እጠራጠራለሁ፣ ሲረክስ ደግሞ የበለጠ እጠራጠራለሁ።

አብራኝ የምትሠራ ሴት፣ እርሷም ቤት ገዝታ የደከማት ናት፣ አንድ ዘዴ ነገረችኝ። ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያመጣል ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ዋጋው የስንት ዓመት ኪራይ እንደሆነ አስቢ አለችኝ። ከሃያ ዓመት ብዙ ከበለጠ ውድ ነው፣ ከአሥራ አምስት ካነሰ ደህና ነው ትላለች። ስለዚህ እባክዎ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ኪራይ ስንት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ቤቱንም ደግመው ይለኩት። እኔ ቁጥር ቁጥር የምለው ወድጄ አይደለም፤ በእኔ ሥራ ዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ሁለት ተብሎ ከተጻፈ ሠላሳ ሁለት ነው፣ «ይመስለኛል» ተብሎ አይታሸግም።

ደግሞ አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ቤቱ ለእማዬ ይስማማት እንደሆነ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ጉልበቷ እንዴት ነው? የፀሐዩ መስኮት ወንበር ይይዛል? ይህንንም ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 8

ለውድ ሚጢጢ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ ምክንያቱን ስታነቢ ታውቂዋለሽ።

ልለካ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ መምህርቷ ራሳቸው ከፈቱ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ሲያዩ ቅንድባቸውን አነሡና «ዘጠኝ ካሬዬን የሰረቁት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ነጭ ጫማ የጻፍሽለትን ሁሉ አንብቦላቸዋል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እኔ የለካሁት ነው እማማ፣ ሜትር አይዋሽም አልኩ።

እሳቸውም ከካርቶኖቹ መሐል ገብተው ከማስተማሪያ ዕቃቸው አንድ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ አወጡ፤ ያ ሰሌዳ ላይ የሚያሰምሩበት፣ ልክ አንድ ሜትር የሆነው። ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። «የእርስዎንም ያስተኙት» አሉኝ። አስተኛሁት። ማስመሪያው መቶ ላይ ሲያልቅ የኔ ሜትር ዘጠና አምስት ይላል። ወዲያ ጎተትኩት፣ ወዲህ አቃናሁት፣ ገልብጬም አየሁት። ዘጠና አምስት።

ሚጢጢዬ፣ አርባ ዓመት በዚያ ሜትር ሰው አልብሻለሁ! አንድም ሱሪ አጥሮ አልተመለሰብኝም። ሜትሩ ጨርቅ ስለሆነ በእጄ ስጎትተው ኖሬ ለካ ተለጥጧል። ኋላ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ። ሰውየውን የምለካው በዚያ ሜትር፣ ጨርቁን የምቆርጠውም በዚያው ሜትር። ስህተቱ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ሱሪው ልክ ይወጣል። ቤቱን ግን ሌላ ሰው በሌላ ሜትር ለክቶ የጻፈው ነው፣ የኔን ስህተት አልተጋራልኝም። መምህርቷ በማስመሪያቸው አብረውኝ ለኩ፣ ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው። ዘጠና ሁለት ነው። ሰው ፊት እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም። ሻይ ሰጡኝ። ዋጋውንም መልሰው አልሰቀሉትም፤ «ቃሌ ከአፌ ወጥቷል፣ ስድስት ከአንድ መቶ ነው» አሉ። እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቁሻል።

ኪራዩን ጠየቅሁ። በዚያ ሕንፃ እንደዚህ ዓይነት ቤት ሁለት ተከራይቷል። አንዱ በወር ሃያ ሁለት ሺህ፣ አንዱ ሠላሳ አምስት ሺህ። በጓደኛሽ ዘዴ አንዱ ሃያ ሦስት ዓመት ይመጣል፣ ሌላው አሥራ አራት ተኩል። ስለዚህ ቤቱ ውድ ነው፣ ደግሞም ርካሽ ነው። ሠላሳ አምስቱ ከነዕቃው ነው ይላሉ፣ ዕቃው ግን ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ራሴ ዞረ።

ቢሆንም ልቤ አልረጋም። ከላይ ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ፀሐዩም የጠዋት እንጂ የከሰዓት አይደለም። አሳንሰሩ አንድ ቀን ቢቆም እትዬ በዚያ ጉልበት ሦስት ፎቅ እንዴት ትወጣለች? ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩ። በመቶ ሰማንያ ሺህ የኔ ቤት ውስጥ፣ ከእትዬ ክፍል ጎን፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ይሠራል፤ ግንበኛ ጠርቼ አስገምቻለሁ። ያንን ብትልኪልኝስ? ስድስት ሚሊዮን ከምታወጪ?

ለማንኛውም ተረጋግተሽ አስቢበት። ቤት የትም አይሄድም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 28

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ስለ ሜትሩ ሐፍረት አይሰማዎ። እኔ ብሆን ማስመሪያውን ነበር የምጠራጠረው።

አሁን ግን ግልጹን ልጠይቅዎ። ይህ ቤት ምን አደረገዎት? መጀመሪያ ጠባብ ነው አሉኝ፤ ጠባብ አልሆነም። ቀጥሎ ወንበር ይጎተታል አሉኝ። ፀሐዩ የጠዋት ነው አሉኝ፤ እማዬ ፀሐይ የምትሞቀው ጠዋት አይደለም እንዴ? ከዚያ ለመታጠቢያ ቤት መቶ ሰማንያ ሺህ ላኪ አሉኝ። እልካለሁ አጎቴ፣ ገንዘቡ አይደለም። ግን ስለ ዋጋ ጠይቄ ስለ መታጠቢያ ቤት መልስ ሲመጣልኝ ውሉ ጠፋብኝ።

እሑድ ለእማዬ ደውዬ ነበር፣ እንደ ሌላው ጊዜ ለሰላምታ። ሳልጠይቃት ስለ እርስዎ አወራችኝ። «ወንድሜን ምን እንደነካው አላውቅም» አለችኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል። አዲስ ሜትር ገዝቷል፣ አሮጌውን ግን አልጣለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያቸዋል። አንዳንዴ ቁልፍ ስሠራ ቀና ስል እኔን እኔን ሲያይ አገኘዋለሁ። ምነው ስለው፣ ‹ምንም› ይለኛል። ታሞ እንዳይሆን ብቻ።» እኔም አየሩ ተቀይሮ ነው አልኳት።

ትናንት ሥራ ላይ አንድ መቆንጠጫ ሳላስገባ ሣጥን አሸግሁ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ከበር ሳይወጣ ጓደኛዬ አየችልኝ እንጂ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አልችልም።

አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ስድስት ሚሊዮን ከአንድ መቶ ሺህ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ልክ ነው ካሉኝ በማግሥቱ እከፍላለሁ። አይደለም ካሉኝ ሁለተኛ አላነሣውም። የጥር መጨረሻ ቀርቧል፣ እባክዎ በፈጣኑ ፖስታ ይላኩልኝ፣ ወጪው በእኔ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 14

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ምርቃቱን ከመጀመሪያ አልጽፈውም። መጨረሻውን ካነበብሽ በኋላ የሚገባኝ እንደሆነ አንቺ መርቂኝ።

ልክ ነው። የጠየቅሽኝ ቃል ይኸውልሽ። ዋጋው ልክ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ይረክሳል። ይህን ደግሞ ትናንት አይደለም ያወቅሁት። መጀመሪያ በሄድኩበት ሐሙስ ከደረጃው ስወርድ አንደኛ ፎቅ የሚኖር መነጽር ሠሪ አገኘሁ። ሰውየው ቅን ነው፣ ሳልለምነው ውሉን አውጥቶ አሳየኝ። ያንኑ የሚያህል ቤት አምና በስድስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ገዝቷል። ላንቺ የአራቱን ሚሊዮንና የሰባቱን ሚሊዮን ጻፍኩልሽ፤ የመነጽር ሠሪውን አልጻፍኩልሽም። ሜትሩ የእውነት ስህተት ነበር፣ እሱን አምኜ ነው የጻፍኩት። ግን ሰማንያ ሦስት ሲመጣ ደስ አለኝ ሚጢጢ። ቤት ሲጎድልበት ደስ የሚለው ሰው አየሽ?

አንቺ ምን አደረገዎት አልሽኝ። ምንም አላደረገኝም። እትዬን ሊወስድብኝ ነው እንጂ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እትዬ ናት ቤቴ። ጠዋት ሻይ ስታፈላ የምታጉረመርመውን፣ ሱቅ መጥታ የሠራሁት እጅጌ ጠማማ ነው የምትለኝን ማን ይተካልኛል? እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ። ይህን ራሴም በቅጡ አላውቀውም ነበር። ዋጋውን እያሰላሁ ያለሁ ነበር የሚመስለኝ፣ ስሕተት የምፈልገው ለሷ ብዬ ነበር የሚመስለኝ። ያንቺ ደብዳቤ ላይ «እኔን እኔን ሲያይ» የሚለው ጋ ስደርስ ነው ወረቀቱ ከእጄ የወደቀው።

ስለዚህ ሁሉንም ለእትዬ ነገርኳት። አይንገሯት ብለሽኝ ነበር፣ ግን ካንቺ ጋር ሆኜ ከሷ የደበቅሁት፣ ካንቺም የደበቅሁት ተደራርቦብኝ ታፈንኩ። ያንቺን ደብዳቤዎች ሁሉ አነበብኩላት። በማግሥቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን አደረገችና «አሳየኝ» አለችኝ።

ሄድን። አሳንሰሩ ውስጥ ክንዴን ይዛኝ ነበር። መምህርቷ ተቀበሉን። እትዬ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች፣ መጸዳጃውን አየች፣ ወለሉን በእግሯ ሞከረች፤ አያዳልጥም። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ወንበር ይይዛል ወይ ብለሽኝ ነበር፣ ይይዛል፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር። እኔም ለራሴ፣ በቃ ተሸነፍኩ፣ ደስ ብሏታል፣ ትግባ አልኩ። የእውነት አልኩ፣ ይህንን እመኚኝ።

ከዚያ እትዬ መምህርቷን «ልጅዎን ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለቻቸው።

«ሁለት ዓመት» አሉ እሳቸው።

«እኔ ዘጠኝ» አለች እትዬ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ስንት ነው ያሉት?» አለችኝ።

«ስድስት ሚሊዮን ከአንድ መቶ ሺህ።»

«ውድ ነው።»

«አይ እትዬ፣ አይደለም» አልኳት፣ አሁን ደግሞ እኔ ለቤቱ ጠበቃ ሆኜ። የመነጽር ሠሪውን ውል ነገርኳት፣ ኪራዩን ነገርኳት፣ ካሬው እንዳልጎደለ መምህርቷም መሰከሩ። ሁሉንም ሰማችን።

«የልጄን ገንዘብ ቆጠራችሁ» አለች። «የኔን አልቆጠራችሁትም። እኔም እኮ ዘጠኝ ዓመት ከፍያለሁ። ማን ጠየቀኝ?»

መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ካርቶኑ አዞሩ። ስንመለስ እትዬ አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች፣ በይ ምን ልበልሽ፣ አብሬአት አለቀስኩ፣ ሰዉ ሁሉ ከቀብር የመጣን መሰለው።

እንግዲህ አንድ ቃል ጠይቀሽኝ ሁለት ይዤልሽ መጣሁ። የኔ ልክ ነው ይላል። የእናትሽ ውድ ነው ይላል። የትኛውን እንደምትሰሚ አላውቅም። አሁን የምጽፍልሽ ደብቄ አይደለም፣ የእውነት አላውቅም። ብትገዢው ዕቃዋን በጀርባዬ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ አደርስላታለሁ። ያደረግሁብሽን ይቅር በይኝ።

አጎትሽ

ጥር 26

ለአጎቴ፣

መጀመሪያ ምርቃቱ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንዴ ሳሰላ፣ አንዴ ስጠራጠር፣ አንዴ በጓደኛዬ ፊት ስደነባበር ኖሬአለሁ፣ መነጽር ሠሪው ግን አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጧል! ሲያነቡት እንዲያፍሩ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። «ማን ጠየቀኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው። በዘጠኝ ዓመት እማዬን ምን ልላክልሽ፣ ጫማ ቁጥርሽ ስንት ነው፣ መድኃኒቱ አለቀ ወይ እያልኩ ስንት ነገር ጠይቄአታለሁ። ይህንን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ቤቱ ይገዛና እመጣለሁ፣ ገንዘቡ ይሙላና እመጣለሁ ስል የኔም መምጫ ቀን እንደ ነጭ ጫማ «የመጨረሻ ዋጋ» በየዓመቱ ተቀየረ።

ለደላላው ደወልኩለት። ዋጋው ልክ ነው አልኩት። «እንኳን ደስ ያለዎት! ታዲያ መቼ ይከፍላሉ?» አለኝ። አልገዛም አልኩት። «ውድ ነው እያሉ ነው?» አይ፣ ልክ ነው። «ካሬው ጎድሏል?» አልጎደለም። «ታዲያ ልክ ከሆነ ለምን አይገዙም?» ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ አልገዛም አልኩት። መጨረሻ ላይ ታመሙ እንዴ ብሎኝ ዘጋው። ለመምህርቷ ይቅርታዬን ለብቻ ጽፌ ልኬአለሁ።

የኔም ራስ ገና አልጠራም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ስጠብቅ ኖሬ ስተወው ምን እንደምሆን አላውቅም። ተሳስቼም ይሆናል። ያንን ቤት ሁለተኛ በዚያ ዋጋ አላገኘውም፣ ይህንን አውቀዋለሁ። ለመታጠቢያ ቤቱ መቶ ሰማንያውን ዛሬ ልኬአለሁ፣ ይህ ደብዳቤም በፈጣኑ ፖስታ ነው፣ እንደ ደረሰዎ ግንበኛው ይጀምር፣ ወለሉ የማያዳልጥ ይሁን። ከሥራ ሁለት ወር ፈቃድ ጠየቅሁ፣ አለቃዬ ምነው ዘንድሮ ብላ ሰጠችኝ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። የካቲት 11 ጠዋት እደርሳለሁ። ይህንን ለእማዬ ራሴ በስልክ ነገርኳት። «ጠዋት ስንት ሰዓት?» አለችኝ።

አጎቴ፣ የቀረውን ቁጣዬን በደብዳቤ አልጨርሰውም፣ ይዤው እመጣለሁ። እማዬን አቅፌ ልጥገብና ከዚያ የእርስዎ ተራ ነው፤ እዚያው ሱቅዎ ድረስ መጥቼ እቆጣዎታለሁ።

ሚጢጢ